ነርሷ ከሄደች በኋላ፦ የቤት ለቤት ሕክምናን ማን ይሸከመዋል?

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ለቤት ሕክምና ማስታወቂያ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ቴሌግራም ላይም ፌስቡክ ላይም «ነርስ ቤትዎ ድረስ»፣ «የ24 ሰዓት እንክብካቤ»፣ «ፊዚዮቴራፒ በቤትዎ» የሚሉ ልጥፎች ይዘዋወራሉ። ናሙና ከቤት የሚወስድ ላቦራቶሪ አለ፤ የኦክስጅን ሲሊንደርና የሕመምተኛ አልጋ የሚያከራይ አለ፤ ቁስል ለማጠብ፣ ካቴተር ለመቀየር ወይም መርፌ ለመውጋት ብቻ ነርስ የሚልክም አለ። ይህን ዕድገት አንዳንዱ የሥልጣኔ ምልክት አድርጎ ያየዋል፣ ሌላው ደግሞ የባለጸጎች ቅንጦት ይለዋል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ሥራው የተስፋፋው ከሁሉ በፊት እስካሁን ሕመምተኛን ያለ ክፍያ ሲሸከም የኖረው ሰው እየጠፋ ስለሆነ ነው። ይህ እውነት ከሆነ ደግሞ የአገልግሎቱ መለኪያ ስንት ነርስ በየቤቱ ተላከ የሚለው ሊሆን አይችልም። ነርሷ ሥራዋን ጨርሳ ከወጣች በኋላ ቤት ውስጥ የሚቀረው ሰው ምን ያውቃል፣ ምንስ ድጋፍ አለው የሚለው ነው መለኪያው።

ያ ሰው አስታማሚው ነው። የመንግሥት ሆስፒታል ደጅ የጠና ሁሉ አስታማሚ ምን እንደሆነ ያውቃል። ፋርማሲ ተሯሩጦ መድኃኒት ይገዛል፣ ናሙና ያደርሳል፣ ወረፋ ይይዛል፣ ምግብ ያመላልሳል፣ ሕመምተኛውን ያጥባል፣ ሌሊት ወንበር ላይ ወይም ወለል ላይ ያድራል። ሆስፒታሎቻችን ያለ እሱ አንድ ቀን ማደር አይችሉም፤ ግን በየትኛውም በጀት ውስጥ ስሙ የለም። ሕመምተኛው ወደ ቤት ሲመለስ ደግሞ ሸክሙ በሙሉ እሱ ላይ ያርፋል። አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰው ሴት ነው፦ ልጅ፣ ሚስት፣ ምራት፣ እህት፣ ወይም የቤት ሠራተኛ።

ታዲያ አሁን ምን ተለወጠ? አንደኛው የበሽታው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ ሕፃን በአማካይ 50 ዓመት ገደማ ይኖራል ተብሎ ይገመት ነበር፤ ዛሬ ግምቱ ከ65 በላይ ደርሷል። ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ረጅም ዕድሜ ስትሮክን፣ ስኳርን፣ የኩላሊት ድካምን፣ ካንሰርን ይዞ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በሀገራችን ከአሥር ሞት አራቱ ያህል የሚደርሰው ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ነው። እነዚህ በአንድ ሳምንት መድኃኒት የሚሽሩ ሳይሆኑ ዓመታት አብረው የሚኖሩ ናቸው። የሆስፒታል አልጋ ደግሞ ለሺህ ሰው አንድ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ ነፍሱ ከአደጋ የወጣ ሕመምተኛ፣ ግማሽ አካሉ ባይንቀሳቀስም፣ አልጋውን ለተረኛው ለቆ ወደ ቤቱ ይላካል። ቤቱ አሳንሰር የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ፣ ለአንድ የሐኪም ቀጠሮ አራት ሰው በብርድ ልብስ ይዞት ይወርዳል፣ መልሶ ይዞት ይወጣል። እንዲህ ላለ ቤተሰብ ባለሙያው ወደ ቤት መምጣቱ ቅንጦት ሊባል አይችልም፤ ብቸኛው መንገድ እሱ ነው።

ሁለተኛው ቤተሰቡ ራሱ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ የአንድ ኢትዮጵያዊት ሴት አማካይ የወሊድ መጠን በሀገር ደረጃ 4.6፣ በአዲስ አበባ ግን 1.8 መሆኑን አሳይቷል። አምስትና ስድስት ልጆች ተፈራርቀው ያስታምሙት የነበረ ወላጅ፣ ወደፊት አንድ ወይም ሁለት ልጅ ብቻ ነው የሚኖረው። ያቺ አንድ ልጅ ደግሞ ጠዋት ሥራ ትገባለች፤ ወይም ሀገር ውስጥ የለችም። ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ የቤት ለቤት ነርስ የሚቀጥረው ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ በሚላክ ገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ንጽጽር አለ። አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ በዋሽንግተንና በሜሪላንድ አካባቢ፣ ብዙ ወገኖቻችን በየቤቱ አረጋውያንን በመንከባከብ ይተዳደራሉ። በዚያ ሀገር የፌዴራል ደንብ መሠረት ሜዲኬር ከተባለው የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን ክፍያ በሚቀበል ድርጅት ሥር የቤት ጤና ረዳት ሆኖ የሚሠራ ሰው ቢያንስ 75 ሰዓት መሠልጠን አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 16ቱ በባለሙያ ቁጥጥር የሚደረግ የተግባር ልምምድ ነው። ነርስም ዶክተርም ባይሆን፣ ሰውን ከአልጋ ወደ ወንበር እንዴት እንደሚያሸጋግር፣ እንዴት እንደሚያጥብ፣ የትኛውን ምልክት ሲያይ ለነርስ እንደሚደውል ተምሯል። የእኛዋ ልጅ የሰው ሀገር እናት ለመንከባከብ ይህን ሥልጠና ትወስዳለች። ልጅቷ ከደመወዟ በምትልከው ገንዘብ ተቀጥራ የልጅቷን እናት አዲስ አበባ ውስጥ የምትንከባከበው ሴት ግን የአንድ ሰዓት ሥልጠና እንኳ ላታገኝ ትችላለች። በእኛ ገበያ በአንድ በኩል ዲግሪ ያላት ነርስ አለች፣ በሌላ በኩል ምንም ያልተማረች የቤት ሠራተኛ አለች፤ መካከሉ ባዶ ነው።

ባዶው ምን እንደሚያስከትል ለማየት በስትሮክ ምክንያት አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት እናት እንውሰድ። ነርሷ ጠዋት መጥታ ደም ግፊት ለካች፣ ካቴተሩን አየች፣ መድኃኒት ሰጠች፣ ሄደች። ከዚያ በኋላ ያሉት ሰዓታት ናቸው ወሳኞቹ። ራሳቸውን መገልበጥ ስለማይችሉ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ሰው ጎናቸውን ሊቀይርላቸው ይገባል፤ በቀን 12 ጊዜ ማለት ነው፣ ሌሊቱን ጨምሮ። ይህ ካልሆነ ጀርባቸው ሥር፣ ዳሌያቸው ወይም ተረከዛቸው ላይ ቆዳው ይቀላል። በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ መቅላት የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ነው፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላቱ በግልጽ ስለማይታይ ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። በአፍንጫ ቱቦ የሚመገቡ ከሆነም ምግቡ ሲሰጥ ከወገብ በላይ ቀና ማለት፣ ከዚያም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀና ብለው መቆየት አለባቸው። ጋደም ባሉበት ከተሰጣቸው ምግቡ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። እነዚህ ሁሉ ዲግሪ አይጠይቁም፤ ግን የሚያሳይ ሰው ይፈልጋሉ። ያልተነገራት አስታማሚ በፍቅር ተሞልታም ሕመምተኛዋን ልትጎዳ ትችላለች።

ገበያው ግን የሚሸጠው የነርሷን ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም የሚቆጠረውና የሚከፈልበት እሱ ነው። የ24 ሰዓት ነርስ መቅጠር የሚችል ቤተሰብ ጥቂት ነው። አብዛኛው አቅሙ የሚፈቅድለትን ጉብኝት ይገዛና ቀሪውን በግምት ይሞላል። የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ አስታማሚዋን ማሠልጠን የአገልግሎቱ ዋና ሥራ ሆኖ ዋጋ ሊወጣለት ይገባል። ነርሷ በመጀመሪያው ሳምንት እያሳየች፣ አስታማሚዋን እያሠራች፣ በአማርኛ ወይም ቤተሰቡ በሚናገረው ቋንቋ የተጻፈ መመሪያና የየቀኑ መመዝገቢያ ትታ መሄድ አለባት። ከዚህ ጎን ለጎን የቤት ውስጥ ተንከባካቢነት በቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሚሰጥ አጭር ሥልጠና፣ በብቃት ምዘና የሚረጋገጥ ሙያ መሆን አለበት። ለሥራ ፈላጊ ወጣቶችም የእንጀራ በር ይከፍታል።

ይህ በእኛ ሀገር ፈጽሞ ያልተሞከረ ነገር አይደለም። ኤችአይቪ ብዙ ሰው በሚቀጥፍበት ዘመን፣ በ1997 ዓ.ም. ነጻ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሕሙማንን በየቤታቸው የሚያጥቡና የሚያበሉ፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ለቀብር የተቋቋሙ አንዳንድ ዕድሮችም አባሎቻቸውን በሕይወት ሳሉ ወደ መርዳት ተሸጋግረዋል። ቆይቶም በከተሞች የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነርሶች በየቤቱ እንዲዞሩ ተደርጓል። ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅትም ነርሶቹን ወደ ካንሰር ሕሙማን ቤት እየላከ የማስታገሻ እንክብካቤ ሲሰጥ ቆይቷል። ከሀገር ውጭ ደግሞ የህንድ ኬራላ ግዛት አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኮዢኮድ ከተማ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ ክሊኒክ የተጀመረው የማስታገሻ ሕክምና፣ ጎረቤቶችን እያሠለጠነ በየመንደሩ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2008 ግዛቱ ፖሊሲ አወጣለት፤ የአካባቢ መስተዳድሮችም ነርስ ቀጥረው በየቤቱ ይልኩ ጀመር። ኬራላ ሀብታም ስለሆነች አይደለም የተሳካላት። ነርሷ፣ ቤተሰቡና ጎረቤቱ አንድ ቡድን ሆነው እንዲሠሩ ስለተደረገ ነው።

ተቃውሞዎች አሉ፤ በቁም ነገር ሊመለሱም ይገባል። የመጀመሪያው «በጤና ጣቢያ ጓንት በሚጠፋበት ሀገር ስለ ቤት ለቤት ሕክምና ማውራት ቅድሚያ ማዛባት ነው» የሚለው ነው። ይህ የሚሠራው ምርጫው በሆስፒታልና በቤት መካከል ቢሆን ኖሮ ነበር። ሕመምተኛው ግን አሁንም ቤቱ ነው ያለው፤ ያለ እንክብካቤ ነው እንጂ። የአልጋ ቁስሉ አመርቅዞ ተመልሶ ሲገባ ሆስፒታሉ መከላከል የሚቻለውን ነገር በውድ ዋጋ ያክማል፣ ለሌላ ሰው ሊሆን የሚችለውን አልጋም ለሳምንታት ይይዛል።

ሁለተኛው ከልብ የሚመጣ ተቃውሞ ነው፦ «እኛ ወላጆቻችንን በቅጥር ሰው አናስጦርም፤ ባህላችን አይደለም»። ወላጅን መጦር ታላቅ እሴታችን ነው፤ እኔም ቢዳከም ደስ አይለኝም። ነገር ግን እሴቱን በተግባር ሲፈጽሙ የኖሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ትምህርቷን ያቋረጠች፣ ሥራዋን የለቀቀች፣ ወገቧን የታመመች ልጅ በየሰፈሩ አለች፤ ምርቃት ተቀብላለች፣ እገዛ ግን አላገኘችም። እናቱን የሚወድ ሰው ለሚያስታምማት እህቱም ሊያስብላት ይገባል። የሠለጠነ ሰው በቀን ለጥቂት ሰዓት ቢያሳርፋት፣ መጦሩ ይበረታል እንጂ አይጠፋም።

ሦስተኛው «ቁጥጥር ከጠበቀ ዋጋ ይወደዳል፣ ትንንሾቹ ድርጅቶች ይዘጋሉ» የሚለው የባለሙያዎች ስጋት ነው። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ሆስፒታል የሚጠየቀውን ሕንፃና ክፍል ከአንድ የቤት ለቤት ድርጅት መጠየቅ ትርጉም የለውም። ግን ቤት ውስጥ የሚሠራ ስሕተት ምስክር የለውም። ነርሷ አንቲባዮቲክ ስትወጋ ሕመምተኛው ድንገት አለርጂ ቢነሣበት፣ ቦርሳዋ ውስጥ አድሬናሊን መኖሩ የሞትና የሽረት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩ ከሕንፃው ይልቅ ቦርሳው፣ መዝገቡ፣ የባለሙያው ፈቃድና ተጠሪ ሐኪሙ ላይ ያተኩር። ጥበቃው ባለሙያዋንም ይመለከታል፦ ብቻዋን ሰው ቤት ገብታ የምታድር ወጣት ነርስ፣ ትንኮሳ ቢደርስባት ወዲያው የምትደውልለትና ሥራዋን ሳታጣ የሚያስወጣት ድርጅት ያስፈልጋታል።

በመጨረሻ የገንዘቡ ጥያቄ ይቀራል፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከጠቅላላው የጤና ወጪ ሲሶ ያህሉ በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ ይወጣል። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሚሊዮኖችን አቅፏል፤ ክፍያው ግን የተቀረጸው ውል በተገባባቸው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ለሚሰጥ ሕክምና ነው። በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 690 የታወጀው የማኅበራዊ ጤና መድን ደግሞ ወደ ሥራ ሳይገባ ዓመታት አልፈዋል። መድኑ የ24 ሰዓት ነርስ ይክፈል አልልም፤ አይችልም። ግን ከሆስፒታል ለሚወጣ የስትሮክ ሕመምተኛ ሦስት ወይም አራት የነርስ ጉብኝት፣ አስታማሚን ለማሠልጠን፣ ቢሸፍን ወጪው ከአንድ ዳግመኛ ሆስፒታል መተኛት ጋር ሊወዳደር የሚችል ነው። በአንድ ክፍለ ከተማ ተሞክሮ ሊመዘን ይችላል። ዕድሮችም ከለቅሶ ድንኳኑና ከወንበሩ ጎን ተሽከርካሪ ወንበርና የሕመምተኛ አልጋ ገዝተው ለአባል ቢያውሱ የሚከለክላቸው የለም።

እስከዚያው ድረስ ግን ዛሬ አገልግሎቱን የምትገዙ ቤተሰቦች ገበያውን የመቅረጽ ኃይል አላችሁ። ከመዋዋላችሁ በፊት የድርጅቱንና የነርሷን የሥራ ፈቃድ ጠይቁ። ችግር ሲመጣ የሚጠራው ሐኪም ማን እንደሆነና ሌሊት ስልክ ማን እንደሚያነሣ እወቁ። ቤት ውስጥ የሚቀር መዝገብ እንዲኖር አድርጉ። ከሁሉ በላይ «ነርሷ ስትሄድ እኛን ምን አስተምራን ትሄዳለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ድርጅት የሚሸጥላችሁ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሌላ ፈልጉ። ባህር ማዶ ሆናችሁ ገንዘብ የምትልኩም ከገንዘቡ ጋር ይህን ጥያቄ ላኩ፤ እናታችሁን የምትገለብጠውን ሴት ሥልጠናም ከምትከፍሉት ውስጥ ቁጠሩት።