የባሕር ጨውና የእርሻ መሬት በባንግላዴሽ ጠረፍ

እ.ኤ.አ. በ2009 በግንቦት ወር አይላ የተባለው አውሎ ነፋስ የደቡብ ምዕራብ ባንግላዴሽን ጠረፍ በመታ ጊዜ፣ በኩልናና በሳትኪራ አካባቢ የሚገኙትን የአፈር ግድቦች ማዕበሉ ጥሶ የእርሻውን መሬት በባሕር ውሃ አጥለቀለቀው። ግድቦቹ በወቅቱ ባለመጠገናቸው፣ በአንዳንድ መንደሮች የባሕሩ ሙላት በየዕለቱ እየገባና እየወጣ መሬቱ ከአንድ ዓመት በላይ ጦም አደረ፤ ተፈናቃዮቹም በግድቡ አናት ላይ ጎጆ ቀልሰው ከረሙ።

በአፈር ውስጥ ያለው ውሃ ጨው ሲበዛበት የተክሉ ሥር ውሃውን ለመሳብ አቅም ያጥረዋል። በመሆኑም ማሳው እርጥብ ሆኖ ሳለ ሰብሉ በውሃ ጥም ይጠወልጋል፤ ይህን ያየ ሰው ድርቅ ነው ቢል አይፈረድበትም። ከዚህም ሌላ ሶዲየም የሸክላ አፈርን ቅንጣቶች ስለሚበታትን መሬቱ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ የዝናብ ውሃም ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

በዚህ ጠረፍ የጨዉ መጠን እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። ከሰኔ እስከ ጥቅምት የሚጥለው የሞንሱን ዝናብ የላይኛውን አፈር ያጥባል። ዝናቡ ካበቃ በኋላ ግን በቅርብ ጥልቀት ያለው ጨዋማ የከርሰ ምድር ውሃ በትነት እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል፤ ውሃው ተንኖ ጨዉ ብቻ ይቀራል።

የአየር ንብረት ለውጥ የሚያዛባው ይህንኑ ሚዛን ነው። የባሕሩ ወለል ከፍ ሲል ጨዋማው ውሃ በወንዞቹ በኩል ወደ መሐል አገር ይዘልቃል፤ ሙቀት ሲጨምር ትነቱ ይበረታል፤ ዝናብ ሲዘገይ ደግሞ መሬቱ ሳይታጠብ የሩዝ መትከያው ጊዜ ያልፋል። የአገሪቱ የአፈር ሀብት ልማት ተቋም ባደረገው ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 833,000 ሄክታር የነበረው በጨው የተጎዳ መሬት በ2009 1,056,000 ሄክታር ደርሷል። ጥፋቱን ሁሉ በአየር ንብረት ላይ መጫን ግን ትክክል አይሆንም። ሕንድ በ1975 ሥራ ያስጀመረችው የፋራካ ግድብ የበጋውን የወንዝ ፍሰት ቀንሷል፤ ከ1980ዎቹ ወዲህም ሽሪምፕ ለማርባት ሲባል ጨዋማ ውሃ ሆን ተብሎ ወደ ሩዝ ማሳዎች ተለቋል።

ለተራድኦ ሠራተኛ ዋናው ቁም ነገር፣ ጎርፉ ሸሸ ማለት መሬቱ ዳነ ማለት አለመሆኑ ነው። ጨዉ የሚወገደው ጨው የሌለው ውሃ ሲያጥበውና ያጠበው ውሃ የሚወጣበት ቦይ ሲኖር ነው። ስለዚህ ዘር ከመታደሉና ቤተሰቦች ወደ ይዞታቸው ከመመለሳቸው በፊት አፈሩም የኩሬው ውሃም መመርመር ይኖርበታል፤ መሬቱ ታጥቦ ምርት እስኪሰጥ ድረስም የምግብ እርዳታው ሊቋረጥ አይገባም። በ2007 ለገበሬ የቀረበው ብሪ ዳን 47 የተባለው የሩዝ ዝርያ ቡቃያ ሳለ ጨውን ከሌሎች ይበልጥ ይቋቋማል። ይሁን እንጂ ግድቡ ሳይጠገን ከተተከለ እርሱም ቢሆን ከሚቀጥለው ሙላት አይተርፍም።