የቤተ ክርስቲያናችን የኤሌክትሪክ መስመር ምን ያህል ይሸከማል?

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እሳት ተነሣ ሲባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ምክንያት «ኮንታክት ነው» የሚል አጭር ቃል ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ሽቦዎች በድንገት ተነካክተው ከሚያስነሡት እሳት ሌላ፣ ቀስ በቀስ በሙቀት የሚመጣ እሳትም አለ። ይህኛው የሚጀምረው ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ወይም መጋጠሚያው ሲላላ ነው። አደጋው ከመድረሱ በፊት በማባዛትና በማካፈል ብቻ ሊታወቅ የሚችል በመሆኑ፣ የሰበካ ጉባኤ አባላትና አገልጋዮች ስሌቱን ቢያውቁት እጅግ ይጠቅማል።

ስሌቱ የሚያርፈው በአራት መለኪያዎች ላይ ነው። ቮልት ኤሌክትሪኩን የሚገፋውን ግፊት ይለካል፤ በአገራችን ለመብራትና ለቤት ዕቃ የሚደርሰን 220 ቮልት ነው። አምፒር በሽቦው ውስጥ የሚያልፈውን ፍሰት ይለካል። ኦም ፍሰቱን የሚገታውን ተቃውሞ ይለካል። ዋት ደግሞ መሣሪያው በሥራ ላይ ሳለ የሚወስደውን ኃይል ይለካል። ከፍ ባለ ማማ ላይ የተቀመጠ የውኃ ሮቶ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የማማው ከፍታ ግፊቱን፣ በቧንቧው የሚወርደው ውኃ ፍሰቱን፣ የቧንቧው ጥበት ደግሞ ተቃውሞውን ይመስላል።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆርጅ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የገለጠው ሕግ እንዲህ ይላል፦ ቮልቱ ለአምፒሩ ሲካፈል ተቃውሞው በኦም ይገኛል። ኃይሉን ለማግኘት ደግሞ ቮልቱን በአምፒሩ ማባዛት ነው። ስለዚህ የመሣሪያው ዋት ከታወቀ፣ ለ220 በማካፈል አምፒሩን ማግኘት ይቻላል።

በአንድ ሰንበቴ ቤት ውስጥ 3,300 ዋት የተጻፈበት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ እንበል። 3,300 ለ220 ሲካፈል 15 አምፒር ይሆናል። 220 ለ15 ሲካፈል ደግሞ የምጣዱ ተቃውሞ 14.7 ኦም ያህል መሆኑን እናገኛለን። ለበዓለ ንግሥ ሁለት እንዲህ ያሉ ምጣዶች፣ አንድ የ2,000 ዋት ምድጃና እያንዳንዳቸው 20 ዋት የሆኑ 10 አምፖሎች በአንድ መስመር ላይ በአንድነት ቢሠሩ ድምሩ 8,800 ዋት፣ ፍሰቱም 40 አምፒር ይሆናል። ለሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ግን በተለመደው አሠራር ከ16 እስከ 20 አምፒር ባለው ብሬከር የሚጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዐቢይ ነገር አለ። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚገኘው አምፒሩን በራሱ አባዝቶ፣ ውጤቱን እንደገና በሽቦው ተቃውሞ በማባዛት ነው። ስለሆነም ፍሰቱ ከ20 ወደ 40 አምፒር በእጥፍ ሲያድግ ሙቀቱ በአራት እጥፍ ያድጋል። ብሬከሩ በዚህ ጊዜ የሚወርደው ሊያስቸግረን ሳይሆን ሽቦውን ሊያድን ነው። «በበዓል ቀን አስቸገረን» ብሎ ሽቦውን ሳይለውጡ ትልቅ ብሬከር መግጠም፣ ወይም በፊውዝ ምትክ ተራ ሽቦ ማሰር፣ ጠባቂውን አሰናብቶ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው።

የኦም ሕግ የተሰወረ ብልሽትንም ይገልጣል። ምጣዱ በሥራ ላይ ሳለ ባለሙያ ሲለካ በብሬከሩ ዘንድ 220 ቮልት፣ በሶኬቱ ዘንድ 210 ቮልት፣ ፍሰቱም 14 አምፒር ሆኖ ተገኘ እንበል። በመንገድ የቀረው 10 ቮልት ለ14 ሲካፈል የመስመሩ ተቃውሞ 0.7 ኦም ያህል ነው። ርቀቱ 30 ሜትር ከሆነ፣ መሄጃና መመለሻው 60 ሜትር የሆነ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ደኅና የመዳብ ሽቦ ሊኖረው የሚገባው ግን 0.4 ኦም ገደማ ብቻ ነው። ትርፉ 0.3 ኦም በላላ ወይም በዛገ መጋጠሚያ ላይ ሊሆን ይችላል። 14 በ14፣ ከዚያም በ0.3 ሲባዛ 59 ዋት ይሆናል፤ ይህም የአንድ ባለ 60 ዋት አምፖል ሙቀት በአውራ ጣት በምታህል ቦታ ላይ እንደ መከማቸት ነው። በተለይም ብሬከሩ ይህን አያውቅም፤ ፍሰቱ ከልኩ ስላላለፈ አይወርድም። ጧፍ የሚያበራ ዲያቆን እሳቱን እያየ ይጠብቀዋል፤ በጣሪያ እንጨት ሥር ያለውን የጋለ መጋጠሚያ ግን የሚያየው የለም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ከበዓል አስቀድሞ የሚከተሉትን ቢፈጽም መልካም ነው፦

1. በየመስመሩ የሚሰኩትን ዕቃዎች ዋት መዝግቦ መደመርና ድምሩን ለ220 ማካፈል፤
2. ውጤቱን ከብሬከሩ ልክና ከሽቦው ውፍረት ጋር ማነጻጸር፤
3. ለእያንዳንዱ ምጣድ የራሱን መስመር ማዘርጋት፣ ምጣድን በማከፋፈያ ሶኬት ላይ ፈጽሞ አለመሰካት፤
4. የሚሞቅ፣ የሚጠቁር ወይም የሚሸት ሶኬት ሲታይ መስመሩን አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት፤
5. በመቅደሱና በዕቃ ቤቱ ያሉ መጋጠሚያዎችን በየጊዜው ማስፈተሽ።

ልኬቱንና ጥገናውን የሚፈጽመው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። መደመሩንና ማካፈሉን ግን ማንኛውም የኮሚቴ አባል በአንድ ወረቀት ላይ ሊያደርገው ይችላል። በዕቃ ቤት ያሉት የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት አንዴ ከተቃጠሉ በገንዘብ አይተኩምና፣ ስሌቱ አዲሱ ዕቃ ከመሰካቱ በፊት ይደረግ።