በዓልና ባቡር

በዓል ሲቃረብ ዘንቢል ያንጠለጠለው ወደ ገበያ፣ ነጠላ ያጣፋው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጓዛልና የአዲስ አበባ መንገደኛ ከወትሮው ይበዛል። በአያትና በጦር ኃይሎች መካከል የተዘረጋው የቀላል ባቡር መስመር ኡራኤል፣ እስጢፋኖስና ልደታ በአድባራቱ ስም የተጠሩ ጣቢያዎች ስላሉት ለምእመናን የተመቸ ነው።

አገልግሎቱ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲጀመር በሁለቱ መስመሮች 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድና 41 ባቡሮች ነበሩት። በተከታዮቹ ዓመታት ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው መለዋወጫ በመታጣቱ ብዙዎቹ ቆሙ። መንገደኛው ሲበዛ ባቡሩ አነሰ፤ ጥበቃው ረዘመ፤ ግፊያውም ባሰ።

ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ልጅ ያዘሉ እናቶች ናቸው። ጉልበት ያለው ተጋፍቶ ሲገባ እነርሱ ቀጣዩን ይጠብቃሉ፤ ቀጣዩም ሞልቶ ይመጣል።

ባቡር መግዛት የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ከባቡሩ ጋር መለዋወጫው፣ ከመለዋወጫውም ጋር ጠጋኙ ባለሙያ አብሮ ሊታሰብ ይገባል እንላለን። ይህ የሚመለከታቸው ክፍሎች ድርሻ ነው። ለአረጋዊው መንገድ መስጠት፣ ልጅ ላዘለችው ወንበር መልቀቅ ግን የእኛ ነው፤ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም።

መልካም በዓል!