ከቦሌ እስከ ጅዳ፦ ኢፍጣር በሁለት ሰዓት ከሩብ በረራ

ከአዲስ አበባ ጅዳ በአየር 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላኑ በተነሣ በሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ያርፋል። ጉዞው ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም ብዙ ሳይል በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው። አዲስ አበባ ላይ ለሶላት ስንቆም ፊታችንን የምናዞረውም ወደዚያው አይደል?

በዚህም የተነሣ ሁለቱ ከተሞች ሰዓታቸው አንድ ነው፤ በረመዳን ሰሞን መግሪባቸውም የሚለያየው በጥቂት ደቂቃዎች ነው። ወደ አሜሪካ እንደሚበር ሰው የጾሙ ቀን አይረዝምብንም። ቀላል መንገድ ነው ብለን ባለፈው ረመዳን እናታችንን ይዘን ለዑምራ ተነሣን።

ዙህር ሰግደን ከቤት ወጣን። ትኬቱ 17:00 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት መሆኑ ነው። (02:00 ተብሎ የተጻፈውን ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑን ስቶ በረራ ያመለጠው ሰው ስለምናውቅ ደጋግመን ቆጥረናል።) ተፈትሸን፣ ተሰልፈን፣ ጠብቀን ስንነሣ 11 ሰዓት ከ20 ሆኗል።

12 ሰዓት ተኩል እንዳለፈ የአንድ ተሳፋሪ ስልክ አዛን አሰማ። እጆች ወደ ቴምሩ ተዘረጉ። በግራ በኩል በመስኮቱ ግን ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እናታችን ቴምራቸውን ይዘው፣ «ፀሐይዋ እያየችኝ እንዴት አፈጥራለሁ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ስልኩ የሚያውቀው የአዲስ አበባን መሬት ነው፤ 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሰው ፀሐይን ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ስትጠልቅ ያያታል። ዑለሞች እንደሚያስተምሩት በአየር ላይ ያለ ጾመኛ የሚያፈጥረው እርሱ ካለበት ስትጠልቅ ነው። መሬት ላይ መግሪብ ገብቶ ካፈጠረ በኋላ ተነሥቶ ፀሐይን መልሶ ቢያያት ግን ጾሙ ሙሉ ነው፤ ቀዷ የለበትም። ለተጓዥ ጾሙን ትቶ በኋላ ማውጣትም እንደተፈቀደ ለእናታችን አስታውሰናቸው ነበር፤ አልፈለጉም።

ፀሐይዋ ጠለቀች፤ አፈጠርን። ውሃው ገና ከጉሮሯችን ሳይወርድ ወደ ሚቃት መቃረባችን ተነገረ። ከደቡብ ለሚመጣ ሚቃቱ የለምለም ነው፤ አውሮፕላን ደግሞ አይቆምም። ወንድማችን «እላይ እቀይራለሁ» ብሎ ኢሕራሙን በሻንጣ ይዞት ነበር። ቴምር በአንድ እጁ፣ ነጩ ጨርቅ በሌላው፣ ከመጸዳጃው በር ፊት አራት ሰው ቀድሞት ቆሟል። ሚቃትን ሳይነይቱ ማለፍ ወደዚያው መመለስን ወይም በግ ማረድን እንደሚያስከትል ብዙዎቹ ዑለሞች ይናገራሉና የልባችን ምት ተሰማን። ደረሰ፤ ግን ለጥቂት። እናታችን ያለባቸው ኒያና ተልቢያ ብቻ ስለነበር ተቀምጠው ጨረሱ።

በረጅም በረራ ለዚህ ሁሉ ጊዜ አለ። በዚህኛው የለም። ወንዶች ኢሕራሙን ከቤት ወይም ቦሌ ላይ ለብሰው ቢነሡ፣ ኒያውን ሚቃት ሲነገር ቢያደርጉ ይሻላል። ቴምርና ውሃም ከመቀመጫ በላይ ካለው ሻንጣ ይልቅ ኪስ ውስጥ ይሁን።

ጅዳ ስናርፍ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነበር፤ ከአየር ማረፊያው ስንወጣ ግን 3 ሰዓት አለፈ። እዚያ የምትኖረው የአክስታችን ልጅ ለኢፍጣር የሠራችውን ሾርባና ሳምቡሳ ሁለተኛ አሞቀችልን። መካ ገና 80 ኪሎ ሜትር ይቀራታል፤ የረመዳን ሌሊት መንገዱ በመኪና የተጨናነቀ ነው። ሐረም ስንገባ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆነ። እናታችን ጫማቸውን አውልቀው፣ «ሱሑር ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ጠየቁን።