አስምና እርግዝና፦ «ትክክለኛ» ቁጥር ሲያታልል



ንግግሬን ከራሴ ስህተት ልጀምር። ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ፣ አስም ያለባት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሌሊት ላይ ትንፋሽ አጥሯት መጣች። ከደም ወሳጅ ቧንቧዋ በተቀዳው ደም ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሆነ። መጽሐፉ ትክክለኛ የሚለው መጠን ነውና እፎይ አልሁ። አለቃዬ ግን ውጤቱን እንዳዩ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እንድትገባ አዘዙ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በእርግዝና ጊዜ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን በአንጎል ያለውን የአተነፋፈስ ማዕከል ያነቃቃል፤ እናት በደቂቃ የምትተነፍሰው አየር ከ30 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። በዚህም የተነሣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት ከ28 እስከ 32 ወዳለው መጠን ይወርዳል። አስም ሲነሣ ደግሞ ትንፋሽ ስለሚፈጥን ይበልጥ ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቃል። እንግዲህ በዚያች ሌሊት የታየው 40 የጤና ምልክት ሳይሆን፣ የመተንፈሻ ጡንቻዎቿ እየዛሉ መሆናቸውን የሚያስታውቅ ነበር።

ሻል ሲላት መድኃኒቷን እንዴት ትወስድ እንደነበር ጠየቅኋት። «ልጄን እንዳይጎዳብኝ ብዬ ካረገዝኩ ጀምሮ ተውኩት» አለችኝ።

ፍርሃቷ የእናት ፍርሃት ነው፤ ስሌቱ ግን ተገልብጧል። ጽንሱ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእናቱ ደም ብቻ ነው፤ እሷ ሲያጥራት እሱም ያጥረዋል። በቁጥጥር ሥር ያልዋለ አስም ከፕሪኤክላምፕሲያ፣ ያለ ጊዜው ከመውለድና ከዝቅተኛ የልደት ክብደት ጋር ይያያዛል። በአንጻሩ በመሳብ የሚወሰዱት ቡዴሶናይድና ሳልቡታሞል በነፍሰ ጡሮች ዘንድ ለረጅም ዘመን ተሠርቶባቸዋል። ፕሬድኒሶሎንም ቢያስፈልግ፣ የእንግዴ ልጁ ኢንዛይም አብዛኛውን ኃይል አልባ ስለሚያደርገው ወደ ጽንሱ የሚያልፈው ጥቂቱ ነው። ልንጠነቀቅበት የሚገባው ሌላ ነው፤ ከወሊድ በኋላ ለሚፈስ ደም የሚሰጠው ካርቦፕሮስት የአየር ቧንቧን ሊያጠብ ይችላል፤ ኦክሲቶሲን ግን ይህ ሥጋት የለበትም።

በእርግዝና ጊዜ አስም ከሦስት እናቶች በአንዷ ገደማ ይብሳል፣ በአንዷ ይሻላል፣ በአንዷ እንዳለ ይቆያል። የትኛዋ ከየትኛው ወገን እንደምትሆን አስቀድሞ መለየት ስለማይቻል፣ በእያንዳንዱ የእርግዝና ክትትል ቀን ስለ ትንፋሿ ልንጠይቃት ይገባል። ሌሊት ያስልሻል? መድኃኒቱን እንዴት እንደምትስቢው አሳይኝ። እንጀራ የምትጋግሪው በእንጨትና በኩበት ነው? ጢሱስ መውጫ አለው?

ተማሪዎቼ ሆይ፣ «ይህ መድኃኒት ለጽንሱ ያሰጋል?» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ «ባትወስደውስ?» የሚለውንም አብራችሁ ጠይቁ። ያቺን እናት ለዚያች ሌሊት የዳረጋት ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ከእሷ ጋር ተቀምጦ የመለሰላት ሰው አለመኖሩ ነው።