የዓሣ ዘብ ደመወዝ ከየት ይመጣል?

ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በብዙ ዘመን የሚሠሩት ቋጥኝ ለዓሣ ቤቱም ማዕዱም ነው። በፊሊፒንስ አገር በአፖ ደሴት ዙሪያ ግን አንዳንድ አጥማጆች በድማሚትና በመርዝ ያጠፉት ነበር። ስለዚህ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. የደሴቲቱ ሰዎች በሲሊማን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ምክር ጥቂቱን ክፍል ከልለው ማጥመድን ከለከሉ፤ ጥበቃውንም ራሳቸው ያዙ። ዓሣው በዛ፤ ሊያዩት የሚጠልቁ ጎብኝዎችም መጥተው የመግቢያ ገንዘብ ይከፍሉ ጀመር። ቦታው በ1994 ዓ.ም. በመንግሥት ጥበቃ ሥር ከገባ በኋላ ግን ገንዘቡ በግምጃ ቤት በኩል ያልፍ ነበርና፣ ከመቶ 75ቱ እንዲመለስ ሕጉ ቢያዝም ይዘገይ ነበር። የዘብ ልጆች ግን የሚራቡት ዛሬ ነው። እንግዲህ ባሕሩ ያስገኘው ገንዘብ ሳይውል ሳያድር ወደ ጠባቂው መንደር ሊመለስ ይገባዋል።