መድረክ ማለት ደፍ ማለት ነው

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ስናስተምር፣ የተውኔት ትምህርት በደረሰ ቍጥር የምንጀምረው ቃላትን ከመፍታት ነው። «ቃል መቍጠር ለጨዋታ ምን ይረባል?» የሚል ወላጅ አይታጣም። እኛም ጥቅሙን በሚገባ የተረዳነው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባት ልጃቸውን ከልምምድ ሊያስወጡ በመጡ ዕለት ነው።

ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከክፍሉ በር ቆሙና፣ «መምህር፣ እኔ ልጄን የላክሁት እንዲማር ነው፤ እርስዎ ግን ሰካራም አደረጉት። ትናንት ማታ በእናቱ ፊት ሲንገዳገድ አገኘሁት» አሉን። ልጁ አንገቱን ደፋ። በክፍሉ ተውኔት የደረሰው የሰካራም አባት ድርሻ ነበርና በቤቱ ሲለማመድ ኖሯል። ክርክር ከመግጠም ይልቅ፣ ገብተው ትምህርቱን እንዲሰሙልን ለመንናቸው፤ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ።

በሰሌዳው ላይ አስቀድመን የጻፍነው «ተውኔት» የሚለውን ቃል ነው። «ተዋነየ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን፣ ትርጓሜው ተጫወተ ማለት ነው። የሚጫወተው ሰው ተዋናይ፣ ደራሲው ፈጥሮ ለተዋናዩ የሚሰጠው ሰው ደግሞ ገጸ ባሕርይ ይባላል። ገጸ ባሕርዩ መጋረጃው ሲዘጋ ከመድረክ ይቀራል፤ ተዋናዩ ግን ልብሱን ለውጦ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። ይህን የለየ ተማሪ የክፉ ሰው ድርሻ ቢደርሰው አያፍርም፤ የደግ ሰው ድርሻ ቢደርሰውም አይታበይም።

ተውኔት በገቢር፣ ገቢርም በትዕይንት ይከፈላል። ገቢር ማድረግ ማለት ነው፤ ድራማ የሚለው የግሪክ ቃልም ማድረግ ከሚል ግስ የመጣ ነው። ትዕይንት በግእዝ የድንኳን ሰፈር ነው፤ አውሮፓውያን ትዕይንትን የሚጠሩበት ስምም «ስኬኔ» ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን፣ ፍችው ድንኳን ነው። የግሪክ ተዋንያን ልብሳቸውን የሚለውጡት ከመጫወቻው ሥፍራ ኋላ በተሠራ ዳስ ነበርና።

ከዚህ በኋላ ተማሪዎቹን አስነሥተን የመድረክን አቅጣጫ አሳየናቸው። የመድረክ ቀኝ የሚባለው የተዋናዩ ቀኝ ነው፤ ፊቱን ወደ ተመልካች ሲያዞር ለተመልካቹ ግራ ይሆናል። ለተመልካች የቀረበው ታችኛው መድረክ፣ የራቀው ላይኛው መድረክ ይባላል፤ በቀድሞ የአውሮፓ ቴአትር ቤቶች ወለሉ ወደ ኋላ ከፍ እያለ ይሠራ ነበርና። ተዋናይ ጓደኛውን በጀርባው አይጋርድም፤ የጓደኛው ቃል ሳያልቅም የራሱን ቃል አይጀምርም። ይህ የጨዋ ቤት ሥርዐት መሆኑን አባትየው ራሳቸውን በመነቅነቅ መሰከሩልን።

በመጨረሻም ልጁ ድርሻውን እንዲያሳይ ጠራነው። ከበሩ ሲደርስ ቆመ፤ ልጆቹ እንዳይሰሙት ጫማውን አወለቀ፤ ባርኔጣውን ከምስማር ሊሰቅል ሁለት ጊዜ ሳተ፤ በሦስተኛው ትቶት መሬት ተቀመጠ። ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። አባትየው ግን አልሣቁም።

«ይህን ሁሉ ደራሲው ጽፎታል?» ሲሉ ጠየቁን።

«የለም፤ ደራሲው በመድረክ መመሪያው የጻፈው ‹ሰክሮ ይገባል› የሚል ብቻ ነው። የቀረውን ተዋናዩ ካየው ያመጣዋል» ብለን መለስንላቸው። መልሳችን ወዴት እንደሚደርስ የገባን ከአፋችን ከወጣ በኋላ ነው። ባርኔጣቸውን በጣቶቻቸው ሲያዞሩ ቆይተው፣ «ልጁ ይቀጥል» አሉና ወጡ። በትርኢቱም ቀን ከሁሉ ቀድመው መጥተው ከባለቤታቸው ጋር ከፊት ተቀመጡ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ተውኔት ለተማሪ ቤት እንግዳ አይደለም። ከቅኔ ቤት የወጡት ዮፍታሔ ንጉሤም በአዲስ አበባ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፣ ተማሪዎች የሚጫወቱት ተውኔት ይደርሱ ነበር። ልጃችሁ ማታ በቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሆኖ ቢታያችሁ ከመቈጣታችሁ አስቀድማችሁ፣ «ገጸ ባሕርይህ ማን ነው? ከማንስ አየኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። መድረክ በግእዝ የቤት ደፍ ነው፤ ልጅ ወደ መድረክ ይዞት የሚወጣው በቤቱ ደፍ ሲገባና ሲወጣ ያየውን ነው።